ከዋናው ጋር ያልተገናዘበች ጥጃ

የካቲት 4

ምንም አዲስ ነገር የለም። በረቱን ጠረግኩ፣ ገለባ ቀየርኩ፣ ሙቀት ለካሁ። ግልባጭ 1፦ 38.7፣ ጡጦዋን ጨርሳለች። ግልባጭ 2፦ 38.6፣ ጨርሳ የእኔንም ጣት ልትጨምር ነበር። ዋናዋ ላም እንደ ወትሮዋ አገጯን አጥሩ ላይ አስደግፋ ታመሰኳለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከነጠፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከጆሮዋ በተቆረጠች ምስር በምታክል ቆዳ ነው እነዚህ ሁለቱ የተሠሩት... እሷ ግን ወሬውን የሰማች አትመስልም። «ልጆችሽ ናቸው» ልበላት? ወይስ «አንቺው ራስሽ ነሽ» ልበላት? የቱም አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

ሦስተኛዋ ገና ሆድ ውስጥ ናት። ሆዷን ያዋሰችን ጥቁሯ ላም በርሜል አክላለች። ስትተኛ ታቃስታለች፣ ስትነሳም ታቃስታለች።

ስም ማውጣት ክልክል ነው። በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «እንስሳቱን በቁጥር ብቻ ይጥሩ።» እሺ፣ በቁጥር ጠራኋቸው። አንዳቸውም ዞር አላሉም።

እራት ላይ ባለቤቴ «ዛሬስ ቋሚ ሆንክ?» አለችኝ። በየሳምንቱ ትጠይቃለች፣ አሁን አሁን ሳቋን እንኳ አትደብቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ተጠባባቂ የከብት ጤና ረዳት» ነኝ። የዲፕሎማዬ ዋና በቤት ቃጠሎ ወድሟል፣ እጄ ላይ የቀረው ግልባጩ ነው። መዝገብ ቤት ደግሞ ግልባጭ የሚቀበለው ከዋናው ጋር አገናዝቦ ብቻ ነው። ዋናው አመድ ሆኗል። እና ተጠባባቂ ነኝ። ምን እንደምጠባበቅ እንጃ።

የካቲት 9

ዛሬ ወለደች... ማለት፣ ወለድንላት።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የከብት ሐኪማችን ዶክተሯ የጥቁሯን ላም ሆድ ስትዳብስ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ነው። ከዚህ በላይ ከቆየች ሁለቱንም እናጣለን።» ጥጃዋ በቀዶ ጥገና ወጣች። ሁለት ሆነን ጎትተን ሚዛኑ ላይ ስናስቀምጣት 61 ኪሎ! ደህና ጥጃ አርባ ነው። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ራሴ ወጣሁበት። አልተበላሸም። እኔ ግን ወፍሬአለሁ።

እትብቷ የእጄን አንጓ ያክላል። ዶክተሯ አሰረችው፣ ደሙ አልቆም አለ፣ እንደገና አሰረችው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የፊት እግሮቿ ጅማታቸው አጥሮ ታጥፈው ቀርተዋል። ጡጦ አቀረብኩ... ዝም። ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ... ዝም። እንገሩን በቱቦ ወደ ሆዷ አወረድንላት። እንገር ሳያገኝ የዋለ ጥጃ ተስፋ የለውም።

ጥቁሯ ላም ስናቀርብላት ፊቷን አዞረች። አልላሰቻትም። አልፈርድባትም፣ ሆዷን ሰፍተን ልጅሽ ናት ስንላት ምን ታድርግ? በፎጣ አሸኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ አሸኋት። ፎጣ ግን ምላስ አይሆንም፣ እሷም ያወቀችው መሰለኝ።

ሌላም ነገር አለ። ቦቃ የላትም! ዋናዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ አላት። ግልባጭ 1ም አላት፣ ትንሽ ጠመም ይላል እንጂ። ግልባጭ 2 ቁርጥ ዋናዋን። የዛሬዋ ግንባር ግን ድፍን ጥቁር ነው። ዶክተሯ ሳቀች። «ዘራቸው አንድ ነው ጋሼ። ነጩና ጥቁሩ የት እንደሚያርፍ የሚወሰነው ግን ማህፀን ውስጥ ነው፣ እንደ ዕድሏ።» ለእኔ ገብቶኛል። መዝገብ ቤትን ማን ያስረዳ?

የካቲት 10

ጠዋት 40.8። በእርጥብ ጨርቅ አበረድናት። እኩለ ቀን 36.9። በብርድ ልብስ ሸፈንናት። አሥር ሰዓት ላይ 40.2። ብርድ ልብሱን ገፈፍን። ይህቺ ልጅ ሙቀቷ ስንት እንደሆነ ገና አልወሰነችም።

የካቲት 11

ጡጦ እምቢ። መቆም እምቢ። ዓይኗን ብቻ ታንከራትታለች።

የካቲት 13

ለባለቤቴ ነገርኳት። ይበርዳታል፣ ጡጦ ስላት እምቢ፣ ቁሚ ስላት እምቢ...

«እንግዲያው ስሟን እምቢ በላታ!»

«ክልክል ነው።»

«በቤቴ ማን ይከለክለኛል?» አለችና የድሮውን ብርድ ልብሳችንን አውጥታ መቀሱን አነሳች። ልኬቷን ጠየቀችኝ። ደረቷ 92፣ ወገቧ... ጥጃ ወገብ አላት እንዴ? የሆነ ቁጥር ሰጠኋት። ለሰርግ ልብስ እንኳ እንዲህ ተጨንቃ አላየኋትም። አራት ትልልቅ ቁልፎች ከካፖርቴ ላይ ነቅላ ተከለችበት። ካፖርቴ አሁን የሚዘጋው በእጅ ተይዞ ነው።

እኔም የውሃ ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ጥጥ አልብሼ፣ የፊት እግሮቿን አሰርኩላት። ጃኬት ለብሳ፣ ቧንቧ ተጫምታ... ዋናዋ በአጥሩ በኩል አይታት ማመስኳቷን አቆመች።

የካቲት 15

እትዬ ማህተም መጡ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፣ ግን ማህተሙን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ሁላችንም በሌሉበት እንዲህ ነው የምንላቸው። ጥጃዎቹ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናቸው፣ ንብረት ደግሞ ይመዘገባል። በዳይሬክተሩ ሰነድ ላይ «ሦስት ግልባጭ» ተብሎ ተጽፏል። እሳቸው ጋ የግልባጭ ሕጉ አንድ ነው።

«ዋናዋ የታለች?»

በአጥሩ በኩል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ። ላሟን አዩ፣ ጥጃዋን አዩ፣ ላሟን አዩ። ግልባጭ 2 ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ። «እንዲህ ነው እንጂ ግልባጭ!» ካርዷ ላይ ማህተሙን ቷ! አደረጉት፦ ከዋናው ጋር ተገናዝቧል። የግልባጭ 1ን ጠማማ ቦቃ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ወረቀቱ ሲገባ ተንሸራቶ ነው» አሉና እሷንም ቷ! ከዚያ ሦስተኛዋ ጋ ቆሙ።

«ይቺስ?»

«ግልባጭ 3 ናት እትዬ።»

«የማን ግልባጭ?»

ዶክተሯ አስረዳች። ዘር፣ ቀለም፣ ማህፀን፣ ዕድል። እትዬ በትዕግሥት ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ታዲያ ምኑን ነው የገለበጣችሁት?»

ዶክተሯ የጥጃዋን የጆሮ ቁጥር አሳየቻቸው።

«የተበላሸ ግልባጭ ይቀደዳል» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ጥጃ ናት እኮ!»

«መመሪያው ጥጃ ነው ወይስ ወረቀት ብሎ አይጠይቅም።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ሲወጡ ጎንበስ ብለው የጃኬቷን የተፈታ ቁልፍ ቆለፉላት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

የካቲት 18

ደብዳቤ መጣ። «ጉዳዩ፦ ከዋናው ጋር ያልተገናዘበ ንብረት ስለማስወገድ።» እስከ መጋቢት 2 ድረስ ተገናዝባ ካልተገኘች ትወገዳለች። ትወገዳለች ማለት መርፌ ነው፣ መርፌውን የምወጋውም እኔ ነኝ፣ በሥራ ዝርዝሬ ላይ ተራ ቁጥር 14። ከታች «ግልባጭ» ብሎ ለዶክተሯ፣ ለጥበቃ፣ ለንብረት ክፍልና ለእኔ። ለራሷ ለግልባጭ 3 ግን ግልባጭ አልተደረገላትም።

ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ስልክ እያወራ እጁን አወዛውዞ «ያው ነው፣ ያው ነው» አለኝ። ምኑ?

የካቲት 24

ሙቀቷ ሦስት ቀን ሙሉ 38.9 ላይ ረጋ። እትብቷ ደርቋል። ቧንቧውን ፈትቼ እግሮቿን አሸሁላት፣ ቀና ብለዋል። ደግፌ አቆምኳት። አራት ቁጠራ ቆማ በእኔ ላይ ወደቀች። 63 ኪሎ በሆድህ ላይ ሲወድቅ ሰማይ ቅርብ ነው። ሁለታችንም ገለባው ላይ ተዘርረን ስንተያይ ዶክተሯ ገባች፣ አየችን፣ ተመልሳ ወጣች።

መጥባት ግን አሁንም የለም። በቱቦ ብቻ። ዶክተሯ «የማትጠባ ጥጃ ብትገናዘብም አትቆይም» አለች። በቀስታ ነው ያለችው።

ወድጃታለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

የካቲት 28

ግልባጭ 2 ሞታለች።

ጠዋት ስገባ ተኝታ መሰለኝ። ትናንት 38.6፣ ጡጦዋን ጨርሳ፣ እየዘለለች። ምንም አልነበራትም! ዶክተሯ ከፈተቻት። ልቧ ከመጠን በላይ አድጎ ነበር። «ከእነዚህ ጥጃዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው ጋሼ። ደህና መስለው...» አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግኩም።

ከበረቱ ጀርባ ቀበርኳት። ካርዷ ላይ ማህተሙ ገና ይደምቃል። ሰው ባይኖር ኖሮ አለቅስ ነበር። ሰው ነበር፣ ቢሆንም አለቀስኩ።

የካቲት 29

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ።

«ሁለተኛዋ ሞተች የሚል ሪፖርት አየሁ። ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንሳው።»

«ሞታለች እኮ ጌታዬ። ቀብሬአታለሁ።»

«ስማ። ዘራቸው አንድ ነው፣ አይደል? አንዷ ካለች ሁሉም አሉ ማለት ነው። ሁለተኛዋ የተገናዘበች ናት፣ መጋቢት 2 ኮሚቴው ሲመጣ እንድትኖር እንፈልጋለን። ሦስተኛዋ አልተገናዘበችም፣ ብትቀርም አትጎዳንም። የጆሮውን ቁጥር ቀይረው። ያው ነው።»

«ቦቃውስ?»

«አንተ የከብት ጤና ረዳት አይደለህም? ነጭ ቅባት ጠፋህ?»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። በዚህ ስሌት ሦስተኛዋ ትተርፋለች። ሁለተኛዋ ደግሞ አልሞተችም። ታዲያ ትናንት የቀበርኩት ማንን ነው?

የካቲት 30

ቀባኋት። የዚንክ ቅባት፣ ለቁስል የምንጠቀምበት። መጀመሪያ የወጣው ቦቃ ሳይሆን የመንገድ ምልክት ነው። ጠርጌ እንደገና። ሁለተኛው ወደ ግራ አደላ። ሦስተኛው ላይ ዋናዋን እያየሁ ሣልኩት፣ አማረ። እጄ እንዲህ እንደሚሥል አላውቅም ነበር። የጆሮ ቁጥሯን ነቅዬ 2ን አደረግኩላት።

ለባለቤቴ ስነግራት አልሳቀችም። «ትተርፋለቻ?» አለች ብቻ። «በሌላዋ ስም» አልኳት።

መጋቢት 2

ከየት ልጀምር?

ኮሚቴው መጣ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩ ሁለት ሰዎች። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያዛጋል። ዳይሬክተሩ አዲስ ክራቫት አስሯል። «ሁሉም ደህና ናቸው። ሦስተኛዋ ብቻ እንደ መመሪያው ተወግዳለች» አለ፣ ሳያፍር። ዶክተሯ ወለሉን አየች። እትዬ ማህተም ካርዱን ያዙ፣ የጆሮ ቁጥር 2ን አዩ፣ ቦቃውን አዩ።

«ተገናዝባለች፣ ቷ ተደርጎባታል» አለ ዳይሬክተሩ።

«ያን ጊዜ በአጥር በኩል ነው ያየሁት» አሉ እትዬ። «ኮሚቴ ባለበት ግን እንደ ደንቡ ነው። ዋናውና ግልባጩ ጎን ለጎን ካልቀረቡ አላገናዝብም። ላሟን አምጧት።»

ማን እምቢ ይላል? ዋናዋን ፈትቼ አስገባሁ። ጥጃዋ ገለባው ላይ ተኝታለች። አሮጊቷ ላም በሩ ላይ ቆመች፣ አየሩን አሸተተች፣ ቀስ እያለች መጣች። አፍንጫዋን ጥጃዋ አንገት ላይ አሳረፈች... ከዚያ ላሰቻት። ጆሮዋን። አንገቷን። ግንባሯን! በዚያ በሻካራ ምላሷ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ቦቃው ግማሹ ሄደ። አራተኛው ላይ ድፍን ጥቁር። ላሟ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ወደ ኮሚቴው ዞር አለች። የሚያዛጋው ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ወዲያው ሌላው ነገር መጣ። ጥጃዋ በፊት እግሮቿ ተንበረከከች። ኋላዋን አነሳች። ፊቷን አነሳች። ቆመች! ማንም ሳይደግፋት፣ ከነጃኬቷ። ተንገዳግዳ ላሟ ሆድ ሥር ገባች፣ ያንን ሁለት ዓመት የነጠፈ ጡት በግንባሯ ጎሰመችው፣ ያዘችው፣ ጠባች። አንዲት ጠብታ የለውም። እሷ ግን ጠባች፣ ጭራዋን እያወናጨፈች። ሃያ ሦስት ቀን በቱቦ...

እትዬ የቀረውን ነጭ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር።

«ዚንክ ነው እትዬ። የቀባኋት እኔ ነኝ። ይቺ ሦስተኛዋ ናት።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ሞታለች። የካቲት 28፣ ጠዋት። ከበረቱ ጀርባ ናት።»

«ያው ነው...» ብሎ ጀመረ ዳይሬክተሩ።

«ያው አይደለም» አሉ እትዬ። ማህተማቸውን ደረታቸው ላይ በእጃቸው ይዘው ጥጃዋን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ማህተሙን አላነሱትም። «ፋይሉን ልየው» ብለው ወጡ።

ዶክተሯ ወዲያው ጡጦ ሰጠቻት። ጨረሰችው። ለላሟም ከንፈሯን ጠረግኩላት፣ ዚንክ ለአሮጊት አይሆንም።

መጋቢት 3

መልስ የለም። መርፌው መሳቢያው ውስጥ ነው። ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠሁት፣ ጥያቄ ሳያበዛ ተቀበለኝ።

መጋቢት 4

መልስ የለም። ሁለት ጡጦ ጠባች። ከሥራ ብባረር ለእሷ ማን ይለካላታል?

መጋቢት 6

እትዬ ማህተም አስጠሩኝ። ካፖርቴን በእጄ ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ መመሪያው ተዘርግቷል፣ በእርሳስ ተሰምሮበታል።

«ተቀመጥ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግልባጭ የሚባለው ከዋናው ጋር የገጠመ ነው። ይቺ አልገጠመችም። እንግዲህ ግልባጭ አይደለችም።»

«እትዬ...»

«አልጨረስኩም። ግልባጭ ካልሆነች ምንድን ናት? በሕይወት አለች፣ ቆማለች፣ ትጠባለች። ከዋናና ከግልባጭ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት መመሪያው ላይ የለም። ስለዚህ ዋና ናት። ዋና ደግሞ አይቀደድም።»

አዲስ ፋይል አወጡ። ወፍራሙን፣ ባለ ክሩን። መጀመሪያ ግን የሁለተኛዋን ካርድ ስበው በፊቴ «ሞታለች» ብለው ጻፉበት፣ ቀኑንም። ያንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«የዋና ቅጽ ስም ይጠይቃል» አሉ።

«ስም ክልክል ነው፣ በሩ ላይ...»

«በሩ ላይ የተለጠፈው ለግልባጭ ነው። ስም?»

«እምቢ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አልናገርም ማለትህ ነው?»

«ስሟ ነው እትዬ። ባለቤቴ ናት ያወጣችላት።»

ጻፉ። ፈገግ አሉ ልበል? አልምልም።

«እናት?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ቆዳዋን የሰጠቻት? ሆዷን ያዋሰቻት? ሁለቱንም አሰብኳቸው። ፎጣዬንም አሰብኩት፣ አፈርኩና ተውኩት።

«የላሰቻት» አልኩ።

ብዕራቸው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጻፉ፣ ቃል በቃል። ቷ!

ማህተሙ ከደረቀ በኋላ ድፍረት አገኘሁ። «እትዬ፣ የእኔም ዲፕሎማ... ዋናው ተቃጥሏል። የሚገጥመው ነገር የለም። በዚህ ሕግ ያለኝ ግልባጭ ራሱ ዋና አይሆንም?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አጠለቁት። ደቂቃ ያህል አሰቡ፣ በእውነት አሰቡ።

«ዋናውን አምጣ» አሉ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ናት። «ዛሬስ ቋሚ ሆንክ?»

«እኔ አይደለሁም። እምቢ ሆነች።»

ሳቀች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ጃኬቱ ሳይጠባት አይቀርም ብላ መቀስ ፍለጋ ገባች። ማስፊያ ጨርቁ ካፖርቴ ነው፣ የሚቀርልኝ እጀታው ብቻ ነው።

የዛሬው ልኬት፦ ግልባጭ 1፦ 38.7፣ ጨርሳለች። እምቢ፦ 38.6፣ ጨርሳለች። በስሟ ጠራኋት። ዞር አለች።